ማሽኑ የማያውቀው ሙሽራ

መርከቡ ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ትኬት ተቆጣጣሪው ፓንዴሊስ የሙሽራውን ትኬት ወደ ማሽኑ አስጠጋ። ማሽኑ ቀይ አበራ።

«ያኩሚስ ጋቫላስ ገብቷል ይላል።»

«የታል የገባው?» አለች የሙሽራው እናት ማሩሶ። «ልጄ ይኸው አጠገቤ ቆሞ!»

የገባው የአጎቱ ልጅ ነበር። በደሴቲቱ ልማድ የበኩር ወንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ አባት ስም ነው፤ እናም የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ሁለቱም ያኩሚስ ጋቫላስ ሆኑ። ሰው ተሳስቶባቸው አያውቅም። በቅርቡ የገባው የትኬት ሲስተም ግን አንድ ሰው ሁለቴ የገዛ መስሎት አንደኛውን ትኬት ሰርዞታል።

የዕለቱ መርከብ ይኸው አንዱ ነው። ሙሽሪት ደግሞ በወዲያኛው ደሴት ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትቆማለች።

«ፓንዴሊስ ወንድሜ፣ ልጄን አታውቀውም?»

«እንዴት አላውቀውም! ክርስትናው ዕለት ሰክሬ ጓሮሽ ነው ያደርኩት። እኔ ባውቀው ምን ያደርጋል፣ ማሽኑ አላወቀውም!»

የአጎቱ ልጅ ከላይ ከመርከቡ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ፦ «አክስቴ፣ አታስቢ! ካልሆነ እኔው አገባታለሁ!»

«አፍህን ዝጋ አንተ ባለጌ!»

ፓንዴሊስ ዋናው ቢሮ ደወለ። የቢሮዋ ልጅ መፍትሔ አላጣችም፤ ሰፈርተኛው የሚጠራበት ቅጽል ስም ለመለያ ከተጨመረበት ሲስተሙ ይቀበላል።

ማሩሶ ፊቷ ተለዋወጠ። የሙሽሪት አጎት ጋሽ ኒኪታስ ሙሽራውን ሊወስዱ መጥተው እዚያው ቆመዋል። ለእነሱ ቤተሰብ ደግሞ ልጇን ስታሞግስ ነው የከረመችው።

«‹አንበሳው› ነው የሚባለው በላት» አለች ቀስ ብላ።

ከላይ የአጎቱ ልጅ ሳቁን ለቀቀው። ፓንዴሊስ ስልኩን በእጁ ሸፈነና «ማሩሶ እህቴ፣ ለስሙ ምስክር ሆኜ የምፈርመው እኔ ነኝ። ቢያንስ እውነት የሚመስል ነገር ንገሪኝ» አላት።

መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ማሩሶ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዶሮ ፈሪው!» አለች፤ ወደቡ ሁሉ ሰማ። «ሰባት ዓመቱ ነበር! አውራ ዶሮ አባሮት ደወል ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ፤ በቃ፣ ስሙ ሆኖ ቀረ! ጻፈው!»

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። እየተሯሯጡ ገቡ።

መርከቡ ላይ ማሩሶ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ጋሽ ኒኪታስን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ባሕሩን ስታይ፣ ጥፍሯን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የኛይቱን ልጅ በሰፈር ምን ብለው እንደሚጠሯት ብነግርሽ፣ አንቺው ራስሽ ይሄን መርከብ ታስመልሺው ነበር።»

ማሩሶ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀችው።

«በሞቴ ይንገሩኝ ጋሼ!»

«መጀመሪያ ይጋቡ» አሉ ጋሽ ኒኪታስ።