«አሉ» የጎደላት አፍ

አስማማው በዚያ የምርጫ ሰሞን የሌላ ሰው አፍ ሆኖ ነበር። የፖለቲከኛው የሚስተር ኮልደን ቅስቀሳ ሠራተኛ ሐሴት አስተርጓሚ ስታፈላልግ እጇ የገባው እሱ ነው፤ ኖርዝ ዮርክ በሚባለው የከተማው ሰፈር ምድር ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ አውቶቡስ ላይ በሐሳብ ጭልጥ እያለ መውረጃው የሚያልፈው ልጅ። በዚህ ሁሉ ከተማ ሳይደውል የሚያንኳኳው በር የጋሼ ወልደገብርኤል ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላው እሳቸው ቤት ነው።

«‹እሳቸው እንዲህ አሉ› እያልክ ሰዓት አትብላ» አለችው ሐሴት ገና ሲጀምር። «ዝም ብለህ ‹እኔ› በል።»

እሱም «እኔ» አለ።

ያለፈው ሳምንት ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር ለመጋዘን ሠራተኞች የኮልደንን እንግሊዝኛ ተቀብሎ፣ «የድንጋይ ከሰሉ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ እንዳይዘጋ እኔ ተከራክሬያለሁ። እንጀራችሁን የነጠቁት ሌሎች ናቸው። ያን ቀን አልቅሻለሁ» አለ። ዛሬ ደግሞ ስካርቦሮ፣ በአንድ ሕንፃ አዳራሽ፣ ሕፃናት ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ፊት ኮልደን ደረታቸውን ነፉ። የሰማው ካለፈው ሳምንቱ ጋር እንደማይገጥም አስማማው ገብቶታል። ቢሆንም አፍ አፍ ነው፦

«ያንን ከሰል የገደልኩት እኔ ነኝ! ልጆቻችሁ ንጹሕ አየር የሚተነፍሱት በእኔ ነው!»

ከኋላ ጋሼ ወልደገብርኤል ብድግ አሉ። ጣቢያው እስኪዘጋ እዚያው የሠሩ፣ ከዚያ ወዲህ ቋሚ ሥራ ያላገኙ ሰው ናቸው። ኢቶቢኮም ነበሩ።

«አንተ! ያለፈው ሳምንት አለቀስኩ አላልክም? እዚያ ለቅሶ ደራሽ፣ እዚህ ገዳይ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ኧረ እንግሊዝኛው ጠፍቶበት ነው፣ ምስኪን» አለች አንዲት እናት።

«የምን ምስኪን! በአንድ ራስ ሁለት ምላስ! እኔ ቤት በልቶ በእኔ ሬሳ ይፎክራል!»

ሐሴት ጆሮው ላይ ተለጠፈች። «ሶሪ በል። ‹ተሳስቼ ነው የተረጎምኩት› በልና ጨርስ።»

«አልተሳሳትኩም እኮ።»

«ማን ጠየቀህ? አፍ ነህ፣ አፍ ሁን!»

አስማማው ጋሼን አየ። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዞሩበት። ይሄኔ ወደ ኮልደን ዞረና ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እንዳለ አቀረበላቸው፤ የቱ ነው እውነቱ?

ኮልደን ፈገግታቸውን አላጓደሉም። ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ የከሰል ታሪክ አመጡ። አስማማው ማይኩን ጨበጠ።

«ከሰሉ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ሞተ፣ አሉ። እኔ አልጋው አጠገብ ነበርኩ፣ አሉ። ቅድም ገደልኩት፣ አሉ። ያለፈው ሳምንት አለቀስኩለት፣ አሉ።»

በየ«አሉ»ው ሳቁ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ተጨመረበት። ኮልደን ለእሳቸው የተጨበጨበ መስሏቸው እጅ ነሡ።

ሐሴት ማይኩን ነጠቀችው። «ነገ እንዳላይህ!»

በሩ ላይ ጋሼ ኮታቸውን እየቆለፉ ቆመው አገኛቸው።

«ያለፈው ሳምንት የት ሄዳ ነበር፣ ይቺ ‹አሉ›?»

አስማማው በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።

«እሑድ ምሳ አለ» አሉ ጋሼ ቁጣቸው ሳይበርድ። «የራስህን አፍ ይዘህ ና። ያንን ካጣኸው ግን በሬን አታንኳኳ።»