በባነሩ ፈንታ መጋረጃ

ሃይከል ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ እናቱ ሙንጂያ አልጋው ስር ያለውን ከረጢት ጎትታ አወጣችው። ውስጡ «የወደብ ልጆች» የሚባሉት የቱኒዚያዋ የቢዘርቴ ከተማ እግር ኳስ ደጋፊዎች ባነር አለ። ልጇ የባነሩ ጠባቂ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ኤዲያ፣ ክብር! አምና አንዱ ጓደኛው በርችት ዓይኑን አጣ፣ ሌላው እስር ቤት ገባ። ቀጣዩ የእኔ ልጅ ነው እያለች ስትሰጋ ከረመች። ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ በጡቴ ብላ ተማጸነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ግን አንድ ነገር ከራሱ አፍ ሰምታለች። ባነሩ በባላጋራ እጅ የወደቀበት ማኅበር በዚያው ቀን ይፈርሳል። ከካዛብላንካ እስከ ካይሮ ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ የሚጥሰውም የለም። የወደብ ልጆች ከፈረሱ ልጄ ቤቱ ይገባል አለች በልቧ፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ባነሩን ዘንቢል ውስጥ ከተተች። ከረጢቱ እንዳይጎድል ደግሞ አሮጌ የሳሎን መጋረጃዋን ጠቀጠቀችበት።

ያን ዕለት ከሰዓት የከተማው ክለብ በአረብ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ከአልጄሪያው ሻምፒዮን ጋር ይጋጠማል። ከአልጄሪያዋ ከተማ ከአናባ የመጡት የባላጋራው ደጋፊዎች ከጠዋት ጀምሮ ወደቡ ዳር ተቀምጠው ሳንድዊች ይገምጣሉ። ሙንጂያ ከመካከላቸው አንዱን ወፍራም ሰው መርጣ ዘንቢሉን እግሩ ስር አስቀመጠችው።

«እንካ፣ ውሰደው።»

ሰውየው ገለጥ አድርጎ አየና ሳንድዊቹን ወደ ጎን አደረገ። «እማማ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ካንተ በላይ አውቃለሁ።»

«እኛ እኮ እንዲህ ያለውን ነገር ቀምተን ነው የምንወስደው። ከእናት እጅ? ወላሂ ነውር ነው!»

«ነውሩ የእኔ ይሁን። አንተ እናት የለህም?»

«አለችኝ። ስታዲየም በገባሁ ቁጥር ስታለቅስ ነው የምትውለው።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ዘንቢሉን ተቀበላት።

ግጥሚያውን በቴሌቪዥን ተከታተለች። ኳሱን ማን አይቶት! ዳኛው ገና ፊሽካ ሳይነፋ የአናባ ደጋፊዎች ባነሩን ገልብጠው ሰቀሉት። ካሜራው ወደ ባለሜዳዎቹ ሲዞር ሃይከል አበባማውን መጋረጃ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሙንጂያ ስህተቷ የገባት ያኔ ነው። መጋረጃውን ያየ ሁሉ ባነሩ ከማን ቤት እንደወጣ ያውቃል። ወይ ነዶ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የወደብ ልጆች ሃይከልን መሐል አድርገው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«በስንት ደም የጠበቅነውን!» ይላል የማኅበሩ አለቃ ሹክሪ። «አንተ ሰጥተህብን በመጋረጃ ትተካው?»

ሙንጂያ በሩን በርግዳ ወጣች። «እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት! ወደብ ዳር ለነበረው ለዚያ ወፍራም ሰውዬ!»

ማንም አልደነገጠም፤ አንዱ እንዲያውም ፈገግ አለ። ሹክሪ ጠጋ ብሎ ግንባሯን ሳማት። «እማማ፣ የእኔም እናት ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው። እናት ለልጇ እሳት ውስጥ ትገባለች። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

«በቁርአን እምላለሁ!»

«አይማሉ እማማ። ለእሱ ብለው ኃጢአት ውስጥ አይግቡ።»

ዞራ ልጇን አየችው። እሱ ግን አምኗታል። መጋረጃው ጫፍ ላይ በልጅነቱ በካውያ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ፤ ከረጢቱን ሲከፍት ነው ሁሉም ነገር የገባው።

«ንገራቸው እንጂ፣ ሃይከል! አፈር ስበላ፣ ንገራቸው!»

«ተዪ፣ እማ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሹክሪ ዞረ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ሹክሪ አልመታውም፣ አልሰደበውም። የማኅበሩን ስካርፍ ከሃይከል አንገት ፈትቶ ወሰደና ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ማኅበሩ በዚያው ቀን ፈረሰ። ሃይከልም ቤቱ ገባ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ስለሌለ ዳቦውን የምትገዛው አሁን ሙንጂያ ናት። መጋረጃውን ራሱ የሳሎኑ መስኮት ላይ መልሶ ሰቅሎታል፤ ከእሱ ኋላ ተቀምጦ ይውላል።

«እስቲ ወጣ በልና ነፋስ ተቀበል፣ ልጄ» ትለዋለች። በፊት አትውጣ ብላ በለመነችበት በዚያው አፏ ነው አሁን ውጣ እያለች የምትለምነው።

«ወደ ማን ልሂድ፣ እማ?» ይላታል።