የጥቁር ጨርቅ ሆድ ቁርጠት

ድንቢጥን ሆዷን የሚያማት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ሲል ይጀምራታል፤ ደወሉ ተደውሎ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ለቀቅ ያደርጋታል። እንዲህ ያለ ሰዓት አክባሪ በሽታ በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም። እናቷ ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ ልጇ ናትና፣ ሆዷን ይዛ ጥቅልል ስትል ስታያት አንጀቷ አይችልም። «በቃ ዛሬ ቅሪ» ትላታለች። ልጅቷም ትንሽ ትተኛና ብድግ ብላ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ለእናቷ ክር በመርፌ ስታስገባ ትውላለች።

ድንቢጥ ያለቻት እናቷ ናት። ስትወለድ ከመዳፍ የማትበልጥ ነበረች። አራተኛ ክፍል ከገባች በኋላም ቢሆን እናቷ ዩኒፎርሟን ማጥበብ እንጂ ማስፋት ገጥሟት አያውቅም።

ሁለቱ የሚኖሩት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ ስፌት ቤት ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ደግሞ ማደሪያ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከበራቸው ፊት ለፊት ጫማ ሰፊው ይቀመጣል። ከእሱ ጋር ሰላም አይባባሉም። የማስቲሽህ ሽታ የደንበኞቼ ልብስ ውስጥ ገባ ብላ አንድ ጊዜ ተናገረችው፤ እሱም የመኪናሽ ጩኸት አናቴን በጠበጠው ብሎ መለሰላት። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ እንደተኳረፉ። ሁለት ሰፊዎች የማይሰፋ ነገር ቀደዱ እያለ ሰፈሩ ይስቅባቸዋል።

አንድ ቀን የድንቢጥ መምህርት ወላጅ ይምጣ ብላ ላከች። ሰፊዋ በድንጋጤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ሄደች። መምህርቷ ገና ልጅ እግር ናት፤ ቢሆንም ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና በለሰለሰ አንደበት ነገሩን አስረዳቻት። ድንቢጥ መቅረት አብዝታለች፤ በዚሁ ከቀጠለች የዓመቱን መጨረሻ ፈተና እንድትፈተን አይፈቀድላትም፣ ክፍሉንም ትደግማለች። በእርግጥ ታማም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ታምጣ። ሰፊዋ ልትከራከር ሞከረች። ልጇ ጎበዝ እንደሆነች፣ ያመለጣትንም ከጓደኞቿ እየገለበጠች እንደምታጠና ተናገረች።

«ጉብዝናዋን መች አጣሁት» አለች መምህርቷ። «ግን ማክሰኞ የምናስተምረው ሰኞ ከተማሩት ተነስተን ነው። ሰኞ የቀረ ልጅ ማክሰኞ ቢመጣም ግማሹ የለም። ድሮ ጥያቄ ስጠይቅ መጀመሪያ የምትወጣው የእሷ እጅ ነበረች። አሁን መጀመሪያ ዞር ዞር ብላ የሌሎቹን እጅ ታያለች። ከፈተናው ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።»

አንድ ቦታ ስፌት የዘለለ ልብስ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሳብ ሲያደርጉት ግን ከዚያችው ቦታ ይተረተራል። ይህን ለእሷ የሚነግራት አያስፈልግም። ድንቢጥ የቀረችው መቼ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠይቃ፣ መልሱን በልቧ ይዛ ወደ ቤቷ አዘገመች።

መንገድ ላይ እያሰላሰለች ሳለ አንድ ነገር ከነከናት። አንዱ ልጅቷ የቀረችበት ሰሞን የጥበቃዎች ዩኒፎርም ስትሰፋ ነበር። ሌላው ሰሞን የአስተናጋጆች ሱሪ። ከዚያ በፊት ካፖርት። ሁሉም ጥቁር ነው። ነጭ አንሶላና መጋረጃ ስትሰፋ በከረመችበት ጊዜ ግን የልጅቷ ሆድ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

ሰፊዋ ተንኮል የሚያንሳት ሴት አይደለችም። የዚያን ዕለት ከእራት በኋላ ማንም ያላዘዛትን ጥቁር ጨርቅ ከሳጥን አውጥታ መኪናው ላይ ዘረጋችው። ድንቢጥ የቤት ሥራዋን እየሠራች በጎን አየችው። በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ ካበቃች በኋላ ሆዷን ያዘች።

እናቷ አጠገቧ በርከክ አለች። «ያመመሽ ሆድሽ ነው ወይስ ጨርቁ?»

ድንቢጥ ሆዷን ለቀቀች። «እማ፣ የሰውዬውን ኪስ ሰፍተሽው ነበር እኮ» አለች።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። እናት ለአንድ ደንበኛ ጥቁር ሱሪ ስትሰፋ፣ ጥቁሩ ክር ከጥቁሩ ጨርቅ አልለይ ብሏት ሁለቱንም ኪሶች ግጥም አድርጋ ሰፍታቸዋለች። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየች። እናቷ ዳቦ ልትገዛ ወጣ ስትል በምላጭ ተርትራ፣ ዳር ዳሩን መልሳ በእጇ ሰፋችው። ሰውዬው ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥቁር ጨርቅ በመጣ ቁጥር ልጅቷ አጠገቧ መዋል አለባት፤ ሰፊዋ አታይም የሚል ወሬ ከወጣ ደግሞ ማንም ሥራ አያመጣም።

ሰፊዋ መጀመሪያ ሳቀች። ሰውዬው መንገድ መሃል ቆሞ በገዛ ሱሪው ላይ ኪስ ሲፈልግ ታያትና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንባው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። ዓይኗ መድከሙን ከራሷም ደብቃው ኖሯል፤ አምፖሉ ነው፣ ክሩ ነው፣ የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል ስትል ነው የከረመችው። እሷ ልጄን ላስተምር ብላ ስትሰፋ፣ ልጇ እናቴ ትስፋ ብላ ከትምህርቷ ቀርታለች። ይህ በጣም አሳፈራት፤ ልጇን ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ወደደቻት። ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻትና አቧራ የሌለበትን ዩኒፎርሟን አራገፈችላት።

«ተነሺ አሁን፣ ትምህርትሽ እንዳያልፍብሽ።»

«ክሩን ማን ያስገባልሻል?»

«እሱን ለእኔ ተይው። አንቺ ክፍልሽ ተገኚ።»

ድንቢጥ ወጣች፤ ግን መንገዱ መታጠፊያ ላይ ካለው ምሰሶ አላለፈችም። እዚያ ቆማ ወደ ቤት ታያለች። እናቷ በሩ ላይ ብርሃን ፍለጋ ወጥታ ክሩን በምራቋ አርጥባ አሾለች፤ መርፌዋን ወደ ሰማይ ያዘች፤ አቀረበች፣ አራቀች። ክሩ በዚህ ሲሉት በዚያ ይሄዳል። የድንቢጥ እግር ወደ ቤት ዞረ።

ይኼኔ ሰፊዋ መንገዱን ተሻገረች። ጫማ ሰፊው ቀና ሲል ከፊቱ ቆማለች። የጠዋት ጫማ የሚያስጠርጉ ሁለት ሦስት ሰዎችም ነበሩ፤ ድምጿን ግን ዝቅ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኛል። እባክዎ ይችን ክር ያስገቡልኝ።»

ሰውዬው መርፌዋን አየ፣ እሷን አየ። መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አነሳ፤ የተሰበረው እጀታ በጫማ ክር ታስሮ ነው የሚሠራው። በሽርጡ ወልውሎ ዘረጋላት።

«እኔ ካስገባሁልሽ ነገም መምጣትሽ ነው» አለ። «ይልቅ እንኪ፣ ራስሽ አስገቢ። የራስሽን እስክታሠሪ ጠዋት ጠዋት አንቺ ዘንድ ይዋል፤ እኔ ጠዋት የምሠራው ቀለም መቀባት ነው፤ እሱ ዓይን አይፈልግም።»

መነጽሩ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ሰፊዋ በዚህ ላይ የምትለው አላጣችም፣ ግን ዋጠችው። መነጽሩን አደረገች። የመርፌዋ ቀዳዳ ቁልጭ ብላ ታየቻት፤ ክሩም ያለ አንዳች ክርክር ሰተት ብሎ ገባ።

ወደ መታጠፊያው ዞረች። ድንቢጥ እዚያው ናት። እናት መርፌዋን እንደያዘች፣ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች። ከዚያ ርቀት መርፌም ክርም አይታይም፤ ድንቢጥ ግን ገባት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ከኋላዋ ደግፋ፣ በሩ ሳይዘጋ ለመድረስ ሮጠች። ሰፊዋ ልጇ ታጥፋ እስክትሰወር ድረስ እጇን አላወረደችም።