የቡና አበባ ውሃ እና የውብአንቺ ስልክ

፩

ስልኩ ጎታ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል።

ቆዩ፣ ከዚህ መጀመሬ ልክ አይደለም። እስቲ ቅረቡ፤ በሩ ጋ ያላችሁትም ጠጋ በሉ፣ መደቡ ሰፊ ነው። የማወራችሁ ስለ ውብአንቺ ነው፤ ስልክ ስለምትፈራዋ የስልክ ሠራተኛ። ነገሩ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣልኝ፣ እንደ ድሮ መስመር። በተቆረጠበት ትንሽ ታገሡኝ፤ ይቀጠላል።

፪

ያኔ ሊሙ ውስጥ ሰው ስልክ የሚደውለው ከአንድ ቤት ነበር። ውብአንቺ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ከፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ ገመድ እየሰካች፣ ገመድ እየነቀለች፣ ሰውን ከሰው ታገናኛለች። ቅዳሜ ሲሆን አግዳሚው ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ይቆማል። ሽማግሌው አዲስ አበባ ላለ ልጁ ይጮኻል። መስመሩ ጥሩ ቢሆንም ይጮኻል፤ አገሩ ሩቅ ነዋ። የታጨች ልጅ ከእጮኛዋ ጋር ስታወራ ታፍራለች፤ ውብአንቺ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርላታለች።

ሰው ለመደወል ልብሱን ቀይሮ ይመጣ ነበር እኮ። ድምፅ እንግዳ ነበር፤ እንደ እንግዳ ይጠበቅ ነበር።

፫

መርዶም የሚመጣው በዚያው ገመድ ነው።

ወጋችንን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጃፍ ቆሞ ነው የሚያረዳ። ስለዚህ ደዋዩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ድረሱ» ይላል። ውብአንቺ ግን መስመሩን ከማገናኘቷ በፊት ከወዲያ ማዶ ልቅሶውን ሰምታለች። የሟቹ ልጅ ማዳመጫውን እየመለሰ፣ «ትንሽ ነው ያመማቸው አሉኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል። «አሜን» ትለዋለች። ከሰዓት በኋላ ገበያ ውስጥ ለመንገዱ ስንቅ ሽንኩርት ሲያማርጥ ታገኘዋለች።

ዝም።

ያን ሁሉ ዘመን፣

ዝም።

፬

ጡረታ ወጣች። ያም ቤት ተዘጋ፣ ስልክ በየሰው ኪስ ገባ። ሀዋሳ የተዳረችው ልጇ ፍሬገነት ሞባይል ገዝታ ላከችላት።

ስልኩ ጠራ።

የውብአንቺ ልብ ደረቷን ሊሰብር ደረሰ። መዳፏ ራሰ፣ ትንፋሿ አጠረ። ልጇ የደወለችው እናቷ ደህና መሆን አለመሆኗን ለመጠየቅ ነበር። ይሄን ውብአንቺ አላወቀችም፤ አላነሳችውማ።

ስልኩን መጀመሪያ ትራስ ሥር አደረገችው። ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ። በኋላ ጎታ ውስጥ፣ ስንዴው መሐል ቀበረችው።

፭

አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ዘይነባ ናት። አብረው ያረጁ ናቸው። አንድ ቀን የተባባሉትን እንዳለ ላስቀምጠው።

ዘይነባ፦ ልጅሽ በእኔ ስልክ ደወለች።

ውብአንቺ፦ ምን ሆነች?

ዘይነባ፦ ተቀመጪ። ደህና ናት። ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሏታል፤ እዚህ መጥታ አትወልድም።

ውብአንቺ፦ እኔ እሄዳለኋ።

ዘይነባ፦ ጅማ መናኸሪያ፣ «ልቤ ልትወጣ ነው» ብላ ከአውቶቡስ የወረደችው ሌላ ሰው ናት?

ውብአንቺ፦ እሷስ ምን አለች?

ዘይነባ፦ «ባትመጣም ግድ የለም፤ ምጥ ሲጀምረኝ ድምፅዋን ልስማ» ነው ያለችው። በእኔ ስልክ አገናኝሻለሁ ብላት፣ «በጎረቤት ስልክ አላምጥም፣ እናቴ ራሷ ታንሳልኝ» አለች። ወላሂ አሳቀችኝ።

ውብአንቺ አልሳቀችም። ጎታውን ነበር የምታየው።

፮

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ረድኤት የምትባል ልጅ አዳመጠቻት፤ ጊዜ ሰጥታ ነው ያዳመጠቻት። ጭንቀት እንደማንኛውም ሕመም ሕመም ነው፣ ነውር የለበትም አለቻት። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላት። አተነፋፈስም አስተማሯት።

ሲመለሱ ዘይነባ፣ «እኔ ደግሞ የአበባ ውሃ አደርግልሻለሁ» አለቻት። «እናቴ ልቧ ለሚደነግጥ ሴት ሁሉ ትሰጥ ነበር።»

፯

የቡና አበባ ውሃ እንዲህ ነው የሚሠራ። አንተም አንቺም ልብ በሉ።

የበልግ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቡናው በአንዴ ነጭ ይሆናል፣ ሽታው ቤት ድረስ ይመጣል። አትቅጠፊው። አንድ አበባ አንድ ፍሬ ነው፤ የቀጠፈ የሚመጣውን ዓመት ቀጠፈ ይባላል። ነጠላሽን ከዛፉ ሥር ዘርጊና ተቀመጪ። ዛፉን አትነቅንቂ።

ጠብቂ።

ፍሬውን ሰጥቶ የጨረሰ አበባ ራሱ ይወርዳል። የወረደውን፣ ገና ሳይጠወልግ፣ በብርጭቆ ውሃ ላይ አንሳፍፊው። ፀሐይ ላይ ይዋል። አጥልይው፣ ማር ጨምሪበት። ሲጨንቅሽ በማንኪያ ትቀምሽዋለሽ።

ሌላ ምሥጢር የለውም።

፰

አሁን ስህተቱ።

ውብአንቺ ዘይነባ ሞልታ ያመጣችላትን ጠርሙስ ስታይ፣ አበባውን ረስታ ውሃ ብቻ አየች። ውሃ ደግሞ፣ ለታመመ ሰው በጠርሙስ ተሞልቶ ከመጣ፣ ለእሷ ያው አንድ ነገር ነው። በባዶ ሆዷ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ጠጣችው። ኪኒኑንም አቆመች።*

ሰነበተችና ባሰባት። ዘይነባ ስትመጣ ግድግዳ ተደግፋ ስትንቀጠቀጥ አገኘቻት።

«ኪኒኑ የታል?»

«ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይሆንም።»

«የምን ጸበል?»

«ይኸው ያመጣሽልኝ።»

ዘይነባ ጠርሙሱን አየች፣ እሷን አየች። «ውብአንቺዬ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ጸበል ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ምንም አላልሽበትም?»

«ቢስሚላህ ብያለሁ። ለወጥም እላለሁ።»

እየተንቀጠቀጠች ሳቀች ውብአንቺ። እየሳቀች አለቀሰች።

* አትፍረዱባት። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ በእምነት ነው እንጂ በስንፍና አይደለም።

፱

ሲስተር ረድኤት አልተቆጣችም። «እማማ፣ ኪኒኑን በራስዎ አያቁሙ። ስኳር የለብዎትም፤ አበባውን በማር ቢቀምሱ አልከለክልዎትም። ግን የመድኃኒቱን ቦታ አይወስድም፤ አጠገቡ ነው የሚቀመጠው።»

«እንደ ጎረቤት?» አለች ዘይነባ።

«እንደ ጎረቤት።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ያዘች። ሰነባብታም፣ ዘይነባ ስትለምናት፣ ስልኩን ከጎታ አወጣችው። አሁንም ሲጠራ አታነሳውም። ግን ጭኗ ላይ ይቀመጣል።

አበባው ነው የረዳት፣ ኪኒኑ ነው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው? እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ አልፈርድም። የማውቀው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሚጮኽ ነገር ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ ነገር መጠበቅ እንደጀመረች ነው።

፲

የዘይነባ ጓሮ። ነጠላው ተዘርግቷል። ሁለቱም ከቡናው ሥር ተቀምጠዋል።

«ዘይነባ።»

«ወይ።»

«መቱ ከተማ የነበሩት አባትሽ… ያኔ ሲያርፉ… ከአንቺ በፊት ነው የሰማሁት። ቲማቲም ስትገዢ አገኘሁሽ። ደህና ዋይ ብዬሽ አለፍኩ።»

ዘይነባ አንድ አበባ ከጉልበቷ ላይ አነሳች።

«አላለፍሽም» አለች። «እጄን ይዘሽ ቆየሽ። ሌላ ቀን እጄን ይዘሽ ታውቂያለሽ? ያኔ ገባኝ። ቲማቲሙን ትቼ ቤቴ ገባሁ፣ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ቤቱን ጠረግሁ። ዘመድ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅሁት። ቆሜ ብሰማው እወድቅ ነበር።»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

አበባው ይወርዳል።

ስልኩ ጠራ።

፲፩

የምጥ ሰሞን ነው። ሁለቱም ያውቃሉ። ልብ ያው ይመታል፣ መዳፍ ያው ይርሳል፤ ፍርሃቱ የትም አልሄደም። ዘይነባ፣ «አይዞሽ» አላለቻትም። እጇን ያዘቻት።

ውብአንቺ በሌላው እጇ ስልኩን አነሳችው።

«ሃሎ። ልጄ።»

፲፪

 

 

እዚህ ላይ መስመሩ ተቆረጠብኝ። ለልጇ ያለቻትን እኔ አልጨምርበትም፤ እናት ያላችሁም፣ እናት የሆናችሁም ሙሉት። እኔ የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፦ የምትወዱት ሰው ደጋግማችሁ ደውላችሁለት ባያነሳላችሁ፣ ቂም ከመያዛችሁ በፊት፣ ምናልባት ፈርቶ ይሆናል ብላችሁ አስታውሱልኝ።