አንድ ብርጭቆ የሻያ ውሃ

ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሮቤ በሚገኘው ቤታችን ማድ ቤት ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፦ እናቴ ወይዘሮ ፀዳለ፣ ጎረቤቶቻችን ሶረቲና ወለተኢየሱስ፣ የውሃ ማጣሪያ ሻጩ መሸሻ እና እኔ ዳግማዊ።

መሸሻን የጠራሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን እናቴ የምትመርጠውን ማጣሪያ ሊገዙ አስበው ነበር፤ የእድሩ ሴቶች ደግሞ የእነርሱን ወሬ ይጠብቁ ነበር። መሸሻ ይህን ሲሰማ ማጣሪያውን በባጃጅ ጭኖ ራሱ መጣ። እኔ ግን የጠራሁት ልገዛው አልነበረም።

ዓምና እናቴ ያንኑ ዓይነት ማጣሪያ ከእሱ ገዝታ ነበር። «ከዚህ በኋላ ውሃ ማፍላት የለም፤ ታይፎይድ በዚህ አያልፍም» አላት። አመነችውና ማፍላቱን ተወች። በታይፎይድ ሃያ ቀን ተኛች፤ ጸጉሯ ረገፈ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኢየሩስ ማጣሪያውን ፈትታ አየችው። ውስጡ ጥጥና ከሰል ብቻ ነው፤ ደለልና ሽታ ይይዛል እንጂ በሽታ አያስቀርም አለችን። ሱቁ ሄጄ ይህን ስነግረው፣ ሰው በሞላበት፣ «ስንተኛ ክፍል ነህ አንተ? ስድስተኛ? እስቲ ሰባተኛን ጨርሰህ ና!» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ዓመት ሙሉ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

የዚያን ማክሰኞ ማለዳ ከሻያ ወንዝ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቼ አዘጋጅቼ ነበር። የክረምት ውሃ ስለሆነ ጭቃ ይመስላል። መሸሻ በደስታ ማጣሪያው ውስጥ ገለበጠው። ትንሽ ቆይቶ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ።

«ኸረ ኩልል አለ!» አለች ወለተኢየሱስ።

«ምን ትላላችሁ! ሕፃን ብታጠጡ እንኳ አያስነጥሰውም» አለ መሸሻ።

ብርጭቆ ሞላሁና በሁለት እጄ አቀረብኩለት። በእኛ ዘንድ ጠላም ሆነ አረቄ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል።

«ጋሼ መሸሻ፣ የሚያጠጡን እርስዎ ነዎት፤ ይቅመሱልን» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ።

«አልጠማኝም።»

«ማን ጠማህ አለህ? ቅመስ ነው የተባልከው፤ ማሎ፣ አታስለምነን» አለች ሶረቲ።

«ጨጓራ አለብኝ እቴ፤ ውሃ አይስማማኝም።»

«ውሃ የማይስማማው ጨጓራ ዛሬ ገና ሰማሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ። መሸሻ ብርጭቆውን ተቀብሎ እስከ ከንፈሩ አደረሰና መልሶ አወረደው። ግንባሩ አላበው።

«ተወው ልጄ፣ ይበቃዋል» አለች እናቴ በቀስታ።

አልተውኩትም። «ለሕፃን ያሉትን ለራስዎ ፈሩት? እናቴ እኮ እርስዎን አምና ጠጥታዋለች።»

«መጀመሪያ ቢፈላ...» አለ መሸሻ።

«ቢፈላ?» አለች ወለተኢየሱስ። «ታዲያ ይሄ ዕቃ ምን ሊሠራልን ነው?»

መሸሻ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ደስ አለኝ፤ ላዝንለት ሞክሬም አልሆነልኝም።

መሸሻ ማጣሪያውን ከነውሃው ተሸክሞ ወጣ። በዚያው ሳምንት እናቴና የእድሩ ሴቶች ነርሷ የመረጠችላቸውን የሸክላ ማጣሪያ ከሌላ ሱቅ ገዙ፤ መሸሻም በነሐሴ ሱቁን ዘግቶ ወደ ጊኒር ሄደ።