ለዓርብ የተያዘ ጥርስ

ያን ሳምንት ከሰው ሁሉ የማየው አፉን ብቻ ነበር። ሰኞ ጠዋት አከራዬ ወጥ ቤት ውስጥ «ደህና አደርሽ ልጄ» ሲሉኝ እንኳ ዓይኔ የሄደው ወደ መንጋጋቸው ነው። እንደው ምናልባት ብዬ «የተቦረቦረ ጥርስ ይኖርዎት ይሆን?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ላይኛውንም ታችኛውንም ረድፍ ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳር ዕቃው አጠገብ አስቀመጡልኝ።

«ውሰጂው። ለምሳ ግን መልሽልኝ» አሉ፣ ቃላቱ በከንፈራቸው መሃል እየተንሸራተቱ።

አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጥርስ ተምሬ፣ ሁለቱን ዓመት አንድ ቤት አብረን ኖረን፣ ሰው ሠራሽ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሐኪም ነበር እማዬ የምትጠብቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱን ጨርሼ የቀረኝ አንድ የተግባር ፈተና ብቻ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት፣ ፈታኝ እያየኝ፣ የአንድ ሰው ጥርስ መሙላት። ሰውየውን ፈልጎ የሚያመጣው ተማሪው ራሱ ነው። ጥርሱም ያገኙት ጥርስ አይደለም። ሁለት መንጋጋዎች በሚነካኩበት በኩል የተበላ መሆን አለበት፤ ብዙም ያልጠለቀ፣ ትንሽም ያልሆነ፣ ነርቩን ያልነካ። ፈታኛችንን ሚሊሜትር ብለን የሰየምነው ያለ ነገር አይደለም። ከወደቅኩ የሚቀጥለው ፈተና ከዓመት በኋላ ነው፤ የአገር ቤት ቲኬቴ ደግሞ ለመጪው ማክሰኞ ተቆርጧል። እማዬ የእኔን ክፍል ቢጫ ቀለም አስቀብታ፣ «ዶክተሯ ልትመጣ ነው» ያላለችው ጎረቤት አልቀረም። አራት ዓመት አልተያየንም።

ጓደኞቼ ሁሉ ሰው አግኝተዋል። እኔ የያዝኩት ሰውዬ እሑድ ማታ ደውሎ ሐሳቤን ቀየርኩ አለኝ። መርፌ ይፈራል።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ነው ዘዴው የመጣልኝ። ጭጋጋማ ጠዋት ነበር። ውስጡ ሞቅ ብሏል፣ መስኮቶቹ በትንፋሽ ታፍነው ውጭ ያለው ዓለም የለም። ሰው ሁሉ ግማሽ ልቡ አልጋው ላይ እንደቀረ ያስታውቃል። ማዛጋት እንደሚጋባ ትዝ አለኝና አፌን በሰፊው ከፍቼ አዛጋሁ። ከፊቴ ያለችው ነርስ ተከተለች፤ ሁለት የፊት ጥርስ፣ ንጹሕ። ከእሷ ወደ ግንበኛው፣ ከግንበኛው ወደ ሁለት ተማሪዎች ተዛመተ። መጀመሪያ ለማጭበርበር ያዛጋሁት እኔ፣ በኋላ የእውነቴን እያዛጋሁ እንባዬ ይፈስ ጀመር። ሾፌሩ እንኳ በመስታወቱ ውስጥ አዛጋ። አውቶቡሱ ራሱ መንገዱን ረስቶ የሚንሳፈፍ መሰለኝ፤ አንድ ፌርማታም ያለፍን ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ነው ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ያዛጉት። ጭናቸው ላይ ያለው የሸራ ቦርሳ ሲንቀሳቀሱ ይንሿሿል። ታችኛው መንጋጋ፣ በግራ በኩል፣ ሁለቱ ጥርሶች በሚነካኩበት ቦታ ቡናማ ጥላ አየሁ።

«ይቅርታ አባባ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ያዛጉልኝ?»

ዘወር ብለው አዩኝ። «የመጀመሪያው ምን ጎደለው?»

ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ሥራቸው ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ቁም ሣጥን በምታህል ኪዮስክ ውስጥ ነው። ጥርሳቸውን እንደምፈልገው ስነግራቸው ሳቁ፤ እኔም የሥራ ባልደረባሽ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የቁልፍ ጥርስ ስሞርድ ነው የምውለው አሉኝ። ማክሰኞ ራጅ ተነሡ። ሚሊሜትር ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ፣ ማስመሪያ ለክቶበት፣ አፉን አጣሞ ፈረመ። እሱ ከፈረመ ሌላ ራጅ አይነሣም። ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም።

ረቡዕ በሐሳብ ተውጬ የማላውቀው ሰፈር ወረድኩ። የልብስ መደብሮች የተደረደሩበት ጸጥ ያለ መንገድ ነበር፤ አንዷ መስኮት ውስጥ የቆመችውን አሻንጉሊት ጥርስ አጎንብሼ ስመረምር ባለ ሱቁ ከውስጥ ቆሞ ሲያየኝ ደረስኩበት። ሰላም ብዬው አለፍኩ። እንዲህ ነበር የሰነበትኩት፣ ነቅቼ እያለምኩ። በሐሳቤ ጥርሱን ሞልቼዋለሁ፣ ቲኬቴን ይዤ ቢጫው ክፍል ገብቻለሁ፣ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

ከልምምድ ስወጣ ግን ኪዮስኳ ጋ ሳልደርስ አልቀርም። ቁልፍ ሠሪው ገና ሲያዩኝ ሰላምታውን ትተው አፋቸውን ይከፍታሉ። በዚያ በኩል እንዳያላምጡ፣ ጣፋጭ እንዳይቀምሱ፣ ጥርሳቸውን ለውዝ መስበሪያ እንዳያደርጉት እነዘንዛቸዋለሁ። እንደ እንቁላል ነው የጠበቅኩት።

«ብትወድቂስ?» አሉኝ ያን ረቡዕ፣ ማሽናቸውን አጥፍተው።

ሆዴ ነገር አይችልም። ስለ ቲኬቱም፣ ስለ ቢጫው ቀለምም፣ እማዬ ስልክ ላይ ድምፄን ስትሰማ ጉሮሮዋን እንደምትጠርግም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «አይዞሽ፣ ዓርብ እኮ ቅርብ ነው» አሉኝ። ምነው ያን ዕለት አፌን በያዝኩት።

ሐሙስ ስሄድ ሻያቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከእግራቸው ሥር ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ተቆርጠው የተበላሹ ሦስት ቁልፎች አየሁ። እሳቸው ቁልፍ አያበላሹም። ምነው ስላቸው «እርጅና ነዋ፣ ደከመኝ» አሉ። እኔም አመንኳቸው። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ በፀሐይ ተሞልቶ ነበር። ሃያ ወንበር፣ ሃያ ሰው አንጋጦ፣ ሃያ ነጭ ጋውን። ቁልፍ ሠሪው ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጥተዋል። ከማደንዘዣው በፊት ጥርሶቹን በአፍ ማያ መስታወቱ እጀታ ቀስ ብሎ መምታት ደንብ ነው። አንዱን መታሁ፣ ደህና። ሁለተኛውን መታሁ፣ ደህና። የኛን ስመታ ፊታቸው ምንም አልተለወጠም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ያሉት ጫማዎች ግን እርስ በርስ ተጣበቁ።

«አመመዎት?»

«ኧረ ምንም። ቀጥዪ።»

«ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

እጃቸውን ሸሚዝ ኪሳቸው ላይ ሲያደርጉ ዓይኔ ተከተለው። የማስታገሻ ኪኒን ማሸጊያ ነው ብቅ ያለው። ሳብ አደረግኩት፤ ሁለት ፍሬ ብቻ ቀርቶታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?»

«ከረቡዕ ማታ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዝም በይና ሥራሽን ሥሪ። አንቺ እለፊ፤ እኔ ከዚያ በኋላ ብታመም ምን ቸገረኝ።»

ገባኝ። ራጅ ሁሉን አያሳይም፤ ነርቩ ታምሟል። ብሞላው ሕመሙን ውስጡ ቆልፌበት መሄዴ ነው። ግን ደግሞ ወረቀቱ ተፈርሟል። ሚሊሜትር የሚለካው ጉድጓዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል። ማክሰኞ አውሮፕላን ላይ ነኝ። አልዋሽም፣ መሣሪያውን አንሥቼ ነበር። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ። ከዚያ ጫማዎቹን ደግሜ አየሁ። እንደተጣበቁ ነበሩ፣ ሊችሉልኝ ተዘጋጅተው።

መሣሪያውን አስቀምጬ እጄን አወጣሁ።

ሚሊሜትር መጣ፣ ቀዝቃዛ ጥጥ ጥርሱ ላይ አስነክቶ ሰዓቱን አየ። ቁልፍ ሠሪው የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ያዙ። ሕመሙ ጥጡ ከተነሣም በኋላ አልለቀቃቸውም። ሚሊሜትር ወደ እጅ መታጠቢያው ወሰደኝ።

«ፈርሜበት ነበር» አለኝ በሹክሹክታ። «ብትሞዪው ማንም አያውቅም።»

«እሳቸው ያውቁ ነበር» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ እጁን ታጠበ። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ያልሞላ አያልፍም። ለከርሞ ነው እንግዲህ።» ከዚያ እጁን አደራርቆ፣ «አሁን ግን ሄደሽ አክሚያቸው፤ አጠገብሽ እቆማለሁ» አለ።

አለቀስኩ፤ ጭንብሉ ሸፈነልኝ። በራሴም፣ በሽማግሌውም፣ በደንቡም ተናድጄ ነበር። እጄ ግን ሥራውን ያዘ። ማደንዘዣው ሲገባ ትከሻቸው ወረደ፣ ጫማዎቹም ተለያዩ። የታመመውን ነርቭ በቀጫጭን ሞረዶች ጥቂት በጥቂት ሳወጣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ዙሪያዬ ጓደኞቼ እየጨረሱ ይተቃቀፋሉ፣ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ይሆናሉ፣ የውኃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቁልፍ ሠሪው አፋቸውን እንደከፈቱ እንቅልፍ ወስዷቸው ያንኮራፋሉ። ከጨረስኩም በኋላ አልቀሰቀስኳቸውም። አገጫቸውን በእጄ ደግፌ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ የሚቆጥርልኝ ግን የለም።

ዓይናቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው።

«አለፍሽ?» አሉ በደነዘዘ ከንፈር።

«አለፍኩ» አልኳቸው።

ቀና ብለው ተቀመጡ፤ የአንገታቸውን ፎጣ እንኳ አላወለቁም። «ለእናትሽ ደውዪላት። አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ።»

የኛን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። ደወልኩ። እማዬ ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሣችው። ከስልኩ አጠገብ ነው ያደረችው መሰለኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ ጥርሴ እስኪታይ ፈገግ ብዬ። «ወደቅኩ።»

«ምን አልሽ?»

«ወድቄያለሁ። ዘንድሮ አልመጣም።»

«እየሳቅሽ ነው እንዴ?»

«ሰውየው አጠገቤ ናቸው። ጥርሳቸው ሲያማቸው ለእኔ ብለው ደብቀውኝ፣ ነግሬባቸው ነው የወደቅኩት። ያለፍኩ መስሏቸዋል።»

ቁልፍ ሠሪው በእያንዳንዱ ቃል ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ በግማሽ አፋቸው ይስቃሉ። እማዬ ወንበር ስትስብ ሰማሁ። ቆይታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አሁንስ ያማቸዋል?»

«አያማቸውም።»

«በይ ስልኩን ወደሳቸው አስጠጊው» አለችኝ።

ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። እማዬም እልል አለች፤ ረጅም አድርጋ፣ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ እስኪሰበር። ሽማግሌው እጄን ያዙና ትንሽ ቆዪ በሚል ምልክት፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጧት።