ገብስማዋ ወደ ይፋግ የሄደች ዕለት

ዘይነብ ከቅዳሜ ገበያ አራት ቄቦች ይዛ ስትገባ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። እግራቸው በገመድ ታስሮ፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ አንጠልጥላቸው ነበር። ልቤ ያን ጊዜውኑ ነገረኝ። ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ልቤ ሁልጊዜ ይነግረኛል፤ ባለቤቴ ግን «ያንች ልብ አንድ ቀን እንኳ ደህና ነገር ነግሮሽ ያውቃል?» እያለ ይቀልድብኛል።

«ከገበያ ናቸው?» አልኋት።

«አይ፣ ከሰማይ ወረዱልኝ» ብላ ሳቀች። «የዒድ ናቸው እንጅ! እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚቆዩት።»

«እባክሽ ከቤት ውስጥ አስሪያቸው። ገበያው ላይ የዶሮ በሽታ፣ ፈንግል፣ ገብቷል እየተባለ ነው።»

«ስርጉት፣ አንችን እኮ ደመና ሳይመጣ ጎርፍ ይወስድሻል» አለችና ቄቦቹን ከጎመኗ አጠገብ ለቀቀቻቸው።

እኔና ዘይነብ ደብረ ታቦር ውስጥ ጎረቤት ከሆንን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። በመካከላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፤ እሱም ከሥሩ ዝጎ ተበልቷል። የኔ ዶሮዎች በዚያ እየሾለኩ ጎመኗን ይጭሩባታል፣ እሷ ትጮሃለች፣ እኔ እንቁላል ይዤ ሄጄ እታረቃለሁ። በተለይ በሁዳዴ እንቁላሉን ከኛ ቤት የምትበላው ልጄ እመቤት ብቻ ናት፤ ገና ሰባት ዓመት ስላልሞላት አትጾምም። የተረፈውን ለዘይነብ እሰጣታለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ጾማችንና ረመዳን አንድ ላይ ስለዋሉ፣ በየማታው ለማፍጠሪያዋ ሁለት እንቁላል በአጥሩ ላይ አሳልፌ እሰጣታለሁ፣ እሷም ለእመቤት ተምር ትልካለች። እንዲህ ነበርን።

ዶሮዎቼ አምስት ነበሩ። ሁሉም የመጡት ከአንዲት ገብስማ ዶሮ ነው። እመቤት የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እንደ ሰንበሌጥ ቀጥና ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክንዷን በመለኪያ ለክታ «ሌላ ነገር ባታገኝ እንኳ በቀን አንድ እንቁላል አታጓድይባት» አለችኝ። ይኸን የሰማች እናቴ ገብስማዋን ታቅፋ ከይፋግ ድረስ መጣች። ሁለቱ ቀያዮች፣ ነጯና አውራው የተፈለፈሉት ከሷ ነው። ልጄ ዛሬ ከጓደኞቿ ጋር የምትሮጠው በነሱ ነው። ስለዚህ ሰው «አምስት ዶሮ ምንድን ነው?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

የሚመጣውን ስለማውቅ ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። የካቲት ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ላቀውን ክትባት ጠይቄው ነበር።

«አንዱ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ነው» አለኝ። «ከተከፈተ ያን ቀኑን ማለቅ አለበት፣ አለዚያ ይበላሻል። ለአምስት ዶሮ ከፍቼ ዘጠና አምስቱን ልድፋው? ጎረቤቶችሽን ሰብስቢና ጥሪኝ።»

እስክሪብቶና ደብተር ይዤ ከቤት ቤት ዞርሁ። አንዷ «መርፌ የተወጋች ዶሮ እንቁላል ታቆማለች» አለችኝ። ሌላዋ «ለልጆቼ ያላገኘሁትን ክትባት ለዶሮ!» ብላ ሳቀችብኝ። ስደምር ስቀንስ ስድሳ አንድ ዶሮ ሞላሁ። ዘይነብ ያን ጊዜ ዶሮ አልነበራትም፤ ግን ዘመዶቿንና የሱቅ ደንበኞቿን እንድትጠይቅልኝ ለመንኋት።

«ዶሮ የሚገዛው ሊታረድ ነው» አለችኝ። «ሊታረድ የተገዛን ማን ያስከትባል?»

ሠላሳ ዘጠኝ ጎደለኝ። ብልቃጡ ሳይከፈት ቀረ።

እንግዲህ ማክሰኞ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ዶሮዎቼ ሁሉ ከአጥሩ ሥር ተሰብስበው የሚሻሙት ነገር አየሁ። ጠጋ ብል የዶሮ ሆድ ዕቃ ነው፤ አንጀቱ ከነ አረንጓዴ ቅዘኑ፣ ላባው ተቆልሎ። በመጥረጊያ አባረርኋቸውና አጥሩን በጡጫ ደበደብሁት።

«ዘይነብ! ዘይነብ! ይኸ ምንድን ነው?»

እጇ ላይ ላባ እንደተለጠፈ ብቅ አለች። «ምን ሆንሽ? አንዷ ትናንት ክንፏን ጣለችብኝ። ሳትሞት አሳረድኋት።»

«የታመመች ዶሮ አሳርደሽ ሆድ ዕቃዋን በኔ ዶሮዎች አፍ ላይ ትጥያለሽ?»

«ላንች መቼ ጣልሁ? በግቢዬ ነው የጣልሁት! ዶሮሽን በግቢሽ ያዣ! ጎመኔን ሲጨርሱት እኔ አጥር ደብድቤ አውቃለሁ?»

«ጎመን በሳምንቱ ይበቅላል! የኔ ልጅ ግን...»

«ልጅሽን ምን አደረግኋት? ተምር አበላኋት እንጅ!»

ሰው ወጥቶ እስኪያየን ተጯጯህን። ወዲያው ለላቀው ደወልሁ፤ መጣና የዘይነብን ሦስት ቄቦች አየ። አንዷ አንገቷ እንደ ገመድ ተጠማዟል። «ፈንግል ነው» አለ። «አሁን ክትባት አያድናቸውም። የሞተውን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ። ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ከዚህ ዶሮ እንዳይወጣ፣ ወደዚህም እንዳይገባ።»

እኔ በአጥሩ ላይ ጮኼ ደገምሁላት። «ሰማሽ? እንዳይወጣ! ገበያ ወስደሽ ለሰው እንዳትሸጭ!»

«ሌባ አደረግሽኝ ደግሞ?» አለችና ፊቷን አዞረች።

የኔዎቹ እስከዚያ ሰዓት ጤነኞች ነበሩ። ይጭራሉ፣ ይበላሉ፣ አውራው ይጮሃል። እናቴ ግን ፈንግል በገባ ቁጥር አንድ ነገር ታደርግ ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ዘር ታሸሻለች። ከዶሮዎቹ ደህናዋን ትመርጥና ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ታስቀምጣታለች፤ ቆጡ ባዶ ቢሆን እንኳ በሽታው ሲያልፍ ዘሯ ይመለሳል። ያንን ሳስብ አደርሁ። ላቀው ያለው ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ግን «እሱ የተናገረው ለታመመው ግቢ ነው፣ የታመመው የሷ ነው» አልሁ። ያን የተበላ አጥር ስንት ጊዜ የረገምሁት እኔ፣ ያን ዕለት በሽታ የሚያግድ ግንብ አደረግሁት።

ረቡዕ ጠዋት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ገብስማዋን አንገቷን ብቻ አስወጥቼ በዘንቢል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ አየኝና «እትየ፣ እሷስ ሂሳብ አትከፍልም?» አለ።

«ብትችል እንቁላል ጥላ ትከፍልህ ነበር» አልሁት። ሰው ሳቀ። እኔ ግን እስከ ወረታ ዘንቢሉን ከጭኔ አላወረድሁም፤ ከዚያም ሌላ መኪና ይዤ ይፋግ እናቴ ቤት ደረስሁ።

እናቴ ገብስማዋን ተቀብላ ላባዋን ደባበሰች። «ልጄ ተመለሰች! አልታመመችም አይደል?»

«ጤነኛ ናት፣ እማየ። የታመሙት የጎረቤቴ ናቸው።»

ከአሥራ አንዱ ዶሮዎቿ ጋር ቀላቀለቻት። ጥሬ በተነችላቸውና አብረው ለቀሙ። እኔም ቁጭ ብዬ የዘይነብን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራኋት፤ ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ሆድ ዕቃው፣ ስለ ስድቧ።

«እጇን ይቁረጠው!» አለች እናቴ። «የሰው ቆጥ ያራቆተች፣ ቤቷ ይራቆት!»

«አሜን» አልሁ። ቀለለኝ።

«አይዞሽ። ያንችዎቹ ቢያልቁ እኔ አለሁ። ለፋሲካ እንቁላል አጠራቅሜ አንዷን አስታቅፍልሻለሁ። እመቤት እንቁላል አይጎድልባትም።»

ከተመለስሁ በኋላ የሆነው ሁሉ ልቤ እንደነገረኝ ሆነ። ቅዳሜ ቀያዮቹ ክንፋቸውን ጣሉ። እሑድ ነጯ አንገቷ ተጠማዞ ዞራ ዞራ ወደቀች። ሰኞ አውራው፣ ድምፁ እንኳ ሳይወጣ፣ አፉን ከፍቶ ሞተ። ጌሾው ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኋቸው። እመቤት «እማ፣ ከእንግዲህ እንቁላሉ ከየት ነው?» አለችኝ።

«ገብስማዋ ይፋግ አለች» አልኋት። «አያትሽ ጋ ናት። ትመለሳለች።»

የዘይነብ ከኔዎቹ ቀድመው አልቀው ነበር። ዓርብ ዕለት ዒድን ያለ ዶሮ ዋለች። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «እንኳን አደረሳችሁ» አላልኋትም። ከሰዓት ለእመቤት በሳህን ተምር ላከችላት፤ ሳህኑን እንደተሸፈነ መለስሁት። ልጄ አለቀሰች። ያደረግሁት ልክ ነው ብዬ ተኛሁ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ የመጨረሻው ዶሮ ከሞተ በስድስተኛው ቀን፣ እናቴ ደወለች። «ሃሎ» እንኳ አላለችም።

«አለቁ! አሥራ አንዱም! ያች ጌጤ ጨረሰችኝ!»

ጌጤ የእናቴ የቅርብ ጎረቤት ናት፤ ባል የሞተባት፣ ዝምተኛ ሴት።

«ጌጤ ምን አደረገች?» አልሁ።

«ባለፈው ሳምንት ከገበያ አንድ ቄብ አላመጣችም? እሷ ናት! በመጀመሪያ ገብስማዋ ክንፏን ጣለች፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ። 'የኔዋ ጤነኛ ናት፣ ነይና እይ' ትለኛለች ደግሞ፣ አፏን ሞልታ! ነገ የማርያም ማኅበር ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ በካህኑ ፊት፣ ቆሜ ነው የማዋርዳት። ልክ ያንች ጎረቤት ናት፣ ቁርጥ እሷን!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ገብስማዋ ናት የጀመረችው። የጌጤ ቄብ እስካሁን ቆማ ትጭራለች።

አንድ አፍታ ዝም ልል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። እናቴ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ዶሮዎቿ ጨውና ሳሙናዋ ነበሩ፤ ለእመቤት ቃል የገባችው እንቁላልም እነሱው ነበሩ። «አዎ፣ ጌጤ ናት» ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን ያች ሴት በማኅበር ፊት አንገቷን ደፍታ ስትቆም ታየኝ።

«እማየ» አልሁ፤ «ጌጤ አይደለችም።»

«እና ማን ናት?»

«እኔ ነኝ። ገብስማዋ ናት ይዛባችሁ የመጣችው። ላቀው ዶሮ እንዳይወጣ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

«ጤነኛ ናት ብለሽ አልነበር?»

«ጤነኛ ትመስል ነበር...»

«እንዳይወጣ ተብለሽ እያወቅሽ? እያወቅሽ፣ አንች? ያችን ሴትዮ ከነቤቷ አብሬሽ አልረገምሁም? አሜን አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ የማንን ቤት ነው የረገምሁት?» አለች። ቀጥላም፣ «ለጌጤ እኔ አልነግርም። ትናንት ደጇ ቆሜ ሰድቤያታለሁ። ራስሽ መጥተሽ፣ ደጇ ቆመሽ፣ ራስሽ ንገሪያት!» ስልኩ ተዘጋ።

ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። ሁሉም ነገር አናደደኝ፤ ባዶው ቆጥ፣ አፈሩ ገና ያልደረቀው ጉድጓድ፣ ያልተከፈተው ብልቃጥ፣ ያንን ሁሉ ቤት ዞሬ ስለምናቸው ስቀውብኝ የሰደዱኝ ሰዎች። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን ራሴ ነኝ፣ ራስን ደግሞ አጥር ደብድበው አይሰድቡትም።

ዘይነብ ወዲያ ማዶ ጎመኗን ውኃ ታጠጣ ነበር። ዶሮ ስለሌለ ጎመኑ አምሮበታል። ወደ አጥሩ ሄድሁ።

«ዘይነብ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ገብስማዋን እኮ ይፋግ ወስጃት ነበር። የእናቴን ዶሮዎች ፈጀች።»

መርጫውን አስቀመጠች። «ላቀው እንዳይወጣ ካለ በኋላ?»

«ከእሱ በኋላ።»

«በአጥሩ ላይ ጮኸሽ ለኔ ከደገምሽልኝ በኋላ?»

«አዎ አልሁሽ እኮ!» ብዬ ጮህሁባት። ጥፋቴን ስናገርም ጮህሁባት።

ውኃ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስንት ነበሩ?»

«አሥራ አንድ።»

ዘይነብም «የኔ አራት ብቻ ነበሩ» አለች።

መርጫዋን አነሳችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች። ወደ ቤት ገባሁና ለነገ የይፋግ መንገድ ዘንቢሉን አወረድሁ። ውስጡ የገብስማዋ ላባ አንድ ቀርቶ ኖሯል። ላባውን አውጥቼ እሳት ውስጥ ጣልሁት፤ ዘንቢሉንም አስከትዬ ጣልሁት። ጌጤ ጋ ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ከኔ ቤት ከእንግዲህ ወደ ማንም ቤት ምንም ነገር ይዤ አልወጣም።